ወረቀቱ በነፃ ነው

ኮፒ ቤቱና ፍሬም ቤቱ ፊት ለፊት ናቸው። በመሃላቸው አንድ ጠባብ መንገድ ብቻ አለ። እሷ ከኮፒ ማሽኑ ቀና ስትል እሱን ታያለች፤ እሱም እንጨት ከሚልግበት ጠረጴዛ ቀና ሲል እሷን ያያል። ፍቅራቸው በሁለት መስታወት መሃል ተጀምሮ እዚያው ያደገ ስለሆነ ለረጅም ጊዜ ድምፅ አልነበረውም። እሱ በቢጫ ካርቶን ቁራጭ ላይ በወፍራም እስክሪብቶ «ምሳ በላሽ?» ብሎ ይጽፍና መስኮቱ ላይ ይይዝላታል። እሷ አዎ ብላ ራሷን ትነቀንቃለች። አንዳንድ ቀን ወዲያው ሌላ ካርቶን ይከተላል፦ «ዋሸሽ።»

ሰፈሩ የሚጠራት «ሚኒስትሯ» ብሎ ነው። ስሙን ያወጣችላት የኮፒ ቤቱ ባለቤት እትዬ ናት። ሥራ የጀመረች ቀን፣ «ምን ተማርሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ፖለቲካል ሳይንስ።»

«ውይ! እና ሚኒስትር እስክትሆኚ ድረስ ነው እኔ ጋ የምትቆዪው?»

ከዚያ ወዲህ ደንበኛው ሁሉ «ክብርት ሚኒስትር፣ እስቲ ይቺን ኮፒ» ይላታል። እሷም ትስቃለች። ምን ታድርግ? ሥራ ፍለጋ በዞረችበት ሁሉ የማስታወቂያው ቃል አንድ ነበር፦ አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንት፣ ኢኮኖሚክስ ወይም ተዛማጅ። አንድ ቀን አምርራ መዝጋቢውን፣ «የኔስ ተዛማጅ አይደለም?» ብትለው፣ ሰውየው ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣ «ከምን ጋር?» አላት። አሁን የሌላውን ሰው ዲግሪ ኮፒ ታደርጋለች። ወረቀቱ ከማሽኑ ሞቅ እንዳለ ይወጣል፤ የዲግሪው ባለቤት ይቀጠራል፤ ሲቀጠር መንገዱን ተሻግሮ ፍሬም ያስገባል።

የእሷ ዲግሪ ግን በፕላስቲክ ተጠቅልሎ እናቷ ፍራሽ ሥር ነበር። እናቷ የሆቴል አንሶላ ተኳሽ ናት። የካውያው እንፋሎት ያልላጠው የእጅ አንጓ የላትም። ዲግሪው የመጣ ቀን አገላብጣ አየችውና፣ «ቢሮ ውስጥ ወንበር ያገኘሽ ቀን ግድግዳ ላይ እንሰቅለዋለን» አለች። ወንበሩ አልመጣም። እናትየው ግን ስለ ወንበሩ አንድም ቀን አንስታ አታውቅም፤ ዝም ብላ የጎልማሶች ትምህርት ቤት ገብታ ፊደል መቁጠር ጀመረች። «ስትሰቅዪው ራሴ አነበዋለሁ» ነበር ያለችው።

እንግዲህ የፍሬም ቤቱ ባለቤት የሆነው የልጁ አባት እሺ ካለ፣ ሁለቱ እሁድ እሷን ለትዳር ሊጠይቁ እናትየው ቤት ሊመጡ ነው። ሚኒስትሯ ግድግዳው ባዶ ሆኖ እንዲያዩት አልፈለገችም። ለእናቷ ሳትነግር ዲግሪውን ከፍራሹ ሥር አወጣችና ለልጁ ሰጠችው። «ፍሬም አስገባልኝ። እማን ላስደንቃት ነው።»

ልጁ ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀበለ። «በእጄ ነው የምሠራው። ማሽን አይነካውም» አላት። እውነቱን ነበር።

*

ሐሙስ በምሳ ሰዓት ከፍሬም ቤቱ ጀርባ፣ የተቆራረጠ እንጨት ከሚከመርበት ጥግ ጠራት። ፀጉሩ ላይ ሰጋቱራ ነበር፤ ፊቱ ያበራል።

«እሺ አለ! አባቴ እሺ አለ!»

«ምን ብሎ?»

«እሁድ እንመጣለን፣ እናትሽን ያነጋግራል፣ አለቀ። አንድ ነገር ብቻ አለች። ትንሽ ነገር ናት።»

«እስቲ ትንሿን ነገር ንገረኝ።»

«የማታ ኮሌጅ ተመዝገቢ ይላል። አካውንቲንግ። ደግሞ እሱ ነው የሚከፍለው፣ ሙሉውን! ስትጨርሺ የሱቁን ሂሳብ ትይዣለሽ፤ ከዚያ ሠርጋችን ይሆናል።»

«ስጨርስ?»

«አዎ፣ ስትጨርሺ።»

«ካልጨረስኩስ?»

«ለምን አትጨርሺም? አንቺ'ኮ ጎበዝ ነሽ።»

ቀና ብላ አየችው። የምትወደው ፊት ነው፤ ጥፋቱ የማይታየው ፊት።

«ስለ እኔ ምን አለ? ቃሉን ንገረኝ፣ ሳታሳምር።»

ልጁ ጫማውን አየ። «'ልጅቷ ጨዋ ናት፤ ትምህርቷ ግን አያበላም' ነው ያለው። እንደዚህ ነው የሚናገረው፣ ታውቂዋለሽ። እኔንም ሥዕል ላጥና ብዬው 'ሥዕሉን ሌላ ይሣል፣ አንተ ፍሬሙን ሽጥለት' ነው ያለኝ።»

«አንተስ ምን አልከው?»

«ያኔ?»

«ትናንት! ስለ እኔ ሲናገር!»

«እኔማ … ከአባቴ ጋር መነጋገር እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

«አላውቅም። አንተም አታውቅም መሰለኝ፤ ሞክረህ አታውቅማ።»

«ሞያ ብትጨምሪ ምን ይጎዳሻል? ቁጥር'ኮ ነው፣ መርዝ አይደለም!»

«ቁጥርን ማን ጠላ? ራሴ ፈልጌው ብማረው ደስ ይለኛል። አንተ ግን ለሚስትነት ማሟያ ፈተና ነው ይዘህልኝ የመጣኸው። ደስ ብሎህ ደግሞ! እየሮጥክ!»

ሊያባብላት እጁን ዘርግቶ ትከሻዋ ላይ ያረፈውን ሰጋቱራ ሊያራግፍ ሲል ትከሻዋ ሸሸ። አስባበት አልነበረም፤ ገላዋ ራሱ ነው የሸሸው። ሁለቱም ያችን ሽሽት አዩ፤ ሁለቱም ደነገጡ። ሰጋቱራውን ራሷ አራግፋ ወደ ኮፒ ቤቱ ተመለሰች።

*

ልጁ ያን ዕለት ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ቁጭ ብሎ ፍሬሙን ጨረሰው። ዙሪያውን በትናንሽ ቅጠሎች ፈልፍሎታል፤ አንዱ ቅጠል ከአንዱ አይመሳሰልም። አፉ ያልቻለውን እጁ እንዲናገርለት ነበር የፈለገው። አርብ ጠዋት ሱቁን እንደከፈተ የመስኮቱ መሃል ላይ ሰቀለው። እሷ ኮፒ ቤቱን ስትከፍት መጀመሪያ የምታየው ነገር እንዲሆን።

አባትየው ግን ቀድሟት መጣ። መስኮቱ ፊት ቆሞ ከላይ እስከ ታች አየው።

«ጥሩ ሥራ ነው። ዋጋው የታለ?»

«የሚሸጥ አይደለም አባዬ። የእሷ ነው።»

«የማንም ይሁን። መስኮቴ ላይ ያለ ዕቃ ሁሉ ይሸጣል። አንድ ሰው አይቶት ሊያዝዝ ይችላል። ዋጋ የሌለው ነገር እዚህ አይሰቀልም፣ ስንቴ ልንገርህ? ጻፍ።»

ልጁ የመንገዱን ማዶ አየ። ኮፒ ቤቱ ገና አልተከፈተም። አባቴ ወደ መጋዘን ሲሄድ አነሳዋለሁ ብሎ አሰበ። የፍሬም ዋጋ መሆኑን ደግሞ ማን ያጣዋል? ከቢጫው ካርቶን አንድ ቁራጭ ቀደደ። ጻፈ። ፍሬሙ ጥግ ላይ ሰካው።

አባትየው መጋዘን አልሄደም።

ሚኒስትሯ የኮፒ ቤቱን በር ከፍታ ስትገባ ሻይ የያዙ ሁለት ሰዎች ፍሬም ቤቱ መስኮት ፊት ቆመው ይሳሳቃሉ።

«ዲግሪም ተሰቅሎ መሸጥ ጀመረ?»

«ፖለቲካል ሳይንስ ነው'ኮ። ጠጋ ብለህ ብትጠይቅ ቅናሽ አለው።»

እትዬም ከኋላዋ ደርሳ ዓይኗን ወደ ማዶ ላከች። «አንቺ ሚኒስትር! ያ ዲግሪው ላይ ያለው ያንቺ ፎቶ አይደለም? ምነው ለእኔ ብትነግሪኝ፣ ከነፍሬሙ እገዛው ነበር!»

ቀና ብላ አየች። የመጀመሪያው ነገር ቅጠሎቹ ነበሩ፤ ልቧ ለአፍታ ቀለጠ። ቀጥሎ ቢጫው ካርቶን ታያት። ያው ካርቶን፣ ያው ወፍራም እስክሪብቶ፣ «ምሳ በላሽ?» የሚላት ያው እጅ። ደሟ ፈላ። እትዬ «ኧረ ቀልዴን ነው!» እያለች ስትጣራ እሷ መንገዱ መሃል ደርሳለች።

የፍሬም ቤቱን በር ገፍታ ስትገባ ግን እግሯ ተተከለ። ባንኮኒው ፊት፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ፣ የሆቴሉን ሰማያዊ ሽርጥ እንዳሸረጠች እናቷ ቆማለች።

እናትየው ከሌሊት ተራዋ ወጥታ ወደ ቤቷ ስታልፍ ነበር ያየችው። የልጇን ፎቶ ማንም ሳያነብላት ታውቀዋለች። ጠጋ ብላ ስሟን ደግሞ ፊደል በፊደል አነበበች፤ ትክክል ነው። ከዚያ ዋጋውን አየች። ፍሬም ገዝታ አታውቅም፤ ፍሬም የሚባል ነገር ለብቻው እንደሚሸጥም አስባ አታውቅም። በሕይወቷ ሙሉ መስኮት ውስጥ ዋጋ ተለጥፎበት ያየችው ነገር ሁሉ፣ ጫማውም፣ ካፖርቱም፣ ማንቆርቆሪያውም፣ የሚሸጥ ነበር። ልጄ ጨንቋት ሸጠችው አለች በልቧ። ደመወዟን የተቀበለችው ገና ያን ጠዋት ነው፤ በመሐረብ ቋጥራ ጉያዋ ውስጥ ይዛዋለች።

«ያንን ያውርዱልኝ ጌታዬ» ትላለች።

«የቱን፣ እናት?»

«ያንን። ልጄ የሸጠችልዎትን።»

አባትየው ነገሩ አልገባውም፤ ግን ነጋዴ ነው፣ ሊገዛ የመጣ ሰው አምልጦት አያውቅም። «ዓይን አለሽ! ጠንካራ እንጨት ነው፣ በእጅ የተፈለፈለ። ዋጋው ተጽፎልሻል።»

«አይቼዋለሁ። ይበቃል።»

ሚኒስትሯ መጀመሪያ የሰማችው አጠራራቸውን ነው። እናቷ «እርስዎ» ትለዋለች፤ እሱ «አንቺ» ይላታል። በዕድሜ እኩያ ናቸው። ቀጥሎ ያየችው ደግሞ የእናቷን እጅ ነው። ለአንዲት እስር ጎመን ባለጉሊቷን ስታደርቅ የምትውል እናቷ፣ ስለ ዋጋው አንድ ቃል ሳትተነፍስ መሐረቡን ፈትታ ገንዘቡን ባንኮኒው ላይ አኖረች። የአባትየው እጅ ወረደና ሰበሰበው።

ልጁ መስታወት መቁረጫው ጠረጴዛ አጠገብ ቆሟል። ሁሉንም አይቷል። አፉ ተከፈተ፤ ከዚያ ተዘጋ።

«እማ!»

እናትየው ዞረች። ዓይኗ ደም መስሏል። «ዝም በይ!» አለቻት በሹክሹክታ። «ቤት እንነጋገራለን። ቸግሮሽ ከሆነ ለምን አትነግሪኝም? እኔ ሞቻለሁ?»

«አልሸጥኩትም እማ! ፍሬም እንዲያስገባልኝ ነው የሰጠሁት። ላስደንቅሽ ብዬ ነው!»

እናትየው ቀስ ብላ ወደ ባንኮኒው ተመለሰች። «ታዲያ ይሄ የተጻፈው የምን ዋጋ ነው?»

አሁን ለአባትየው ገባው። ሳቀ። የክፋት ሳቅ አልነበረም፤ ከልቡ ነው የሳቀው፤ ያ ደግሞ ይብሳል።

«ኧረ እናት! እኔ ወረቀት እሸጣለሁ? ዋጋው የእንጨቱና የመስታወቱ ነው። ወረቀቱ በነፃ ነው!» ከዚያ ልጅቷን አየና፣ «ለካ እናቷ አንቺ ነሽ! እሁድ ልንመጣ አይደል እንዴ? እንግዲያውማ ለዘመድ ቅናሽ አለ» ብሎ ከሰበሰበው ላይ ጥቂት ቆጥሮ ወደ እናትየው ገፋላት። የቀረውን መሳቢያው ውስጥ ከተተ።



ሚኒስትሯ ልጁን አየችው። «ተናገር» አለችው።

ልጁ አባቱን አየ። «አባዬ … እየቀለደ ነው። ቀልዱን ነው።»

ከቃል ሁሉ ይቺን መረጠ።

«ቁጥሩን ማን ጻፈው?»

«እኔ። ግን ላነሳው ነበር፣ አንቺ ሳትመጪ …»

«እኔ ሳልመጣ! እኔ ካላየሁት ምንም አይደለማ!» ድምጿ መንገድ ድረስ ተሰማ፤ ሻይ የያዙት ሰዎች መሳቃቸውን አቆሙ። «ሁላችሁም ምን ተማርሽ፣ ምን ያበላል ስትሉኝ ኖራችኋል። ልንገራችሁ! ዋጋ የሚያወጣው ማን እንደሆነ፣ የሚከፍለው ማን እንደሆነ፣ ቆሞ የሚያየው ማን እንደሆነ ነው የተማርኩት። መጽሐፉ ላይ ሳነበው ስለ መንግሥታት ይመስለኝ ነበር። ለካ እዚህ ሱቅ ውስጥ ሙሉው አለ! ጋሼ ዋጋ ያወጣሉ። እናቴ እጇ እስኪላጥ ተኩሳ ትከፍላለች። አንተስ? አንተ ቆመህ ታያለህ!»

«አንቺ ልጅ፣ ድምፅሽን ቀንሺ» አለ አባትየው። ሳቁ ከፊቱ ጠፍቷል። «ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! ቅናሽ እንዳለ ይስማ!»

እናትየው እጇን አነሳች። ልጇን ዝም ለማሰኘት አልነበረም፤ ተራዬ ነው እንደማለት ነው። ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር።

«ወረቀቱ በነፃ ነው ያሉት እውነትዎን ነው?»

«አዎ፣ እንግዲህ፣ እኔ …»

«እንግዲያው ነፃውን ይስጡኝ። እንጨትዎንና መስታወትዎን ያስቀሩ። ገንዘቤንም ይመልሱልኝ። ሙሉውን፤ ቅናሽ አልፈልግም።»

አባትየው መሳቢያውን አየ። ይህ ሰው ሲሸጥ እንጂ ሲመልስ ማንም አይቶት አያውቅም። ከፍቶ ሙሉውን መለሰላት። ልጁን፣ «አውጣላት» አለው።

ልጁ ፍሬሙን ከመስኮቱ አወረደው። ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፍቶ በፒንሳ ከጀርባው ያሉትን ትናንሽ ሚስማሮች መንቀል ጀመረ፤ ማታ በፍቅር የመታቸውን። አንዱ ሚስማር ተስፈንጥሮ ሰጋቱራው ውስጥ ገባ። እሷ ቆማ ጣቶቹን አየች። እነዚያን ጣቶች ትወዳለች። አሁንም፣ በዚህች ሰዓትም ትወዳቸዋለች፤ ንዴቷን እጥፍ ያደረገው ይህ ነበር። አንድ ቃል። አንድ ቃል ብቻ በል፣ ትላለች በልቧ፤ «አልነቅልም» በል። እሱ ነቀለ።

እናትየው እጇን በሽርጧ ጠራርጋ ወረቀቱን ተቀበለች።

«እማዬ …» አላት ልጁ።

«እማዬ ለማለት ትንሽ ዘገየህ፣ ልጄ» አለችውና በሩን ከፈተች።

*

ቤት ሲደርሱ እናትየው ወረቀቱን አልጋው ላይ ዘርግታ ጫማዋን ሳታወልቅ ቁጭ አለች። ልጅቷ ስለ አካውንቲንጉ፣ ስለ ሠርጉ፣ ሁሉንም ነገረቻት።

«ይሄን ሁሉ ለምን ደበቅሽኝ?»

«ብነግርሽ ምን ትዪኝ ነበር?»

እናትየው አሰበች። «ተመዝገቢ እልሽ ነበር» አለች። «ምን ታደርጊኛለሽ፣ እናት ነኝ። ራት በልታ ተኝታ ይሆን እያልኩ ነው አንሶላ የምተኩሰው። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ተመዝገቢ ነበር የምልሽ።»

«አሁንስ?»

«አሁንም እንጀራ የሚሆንሽን ተማሪ እላለሁ። ግን ለራስሽ። ለዚያ ሰውዬ መሳቢያ አይደለም።» ድንገት ድምጿ ተሰበረ። «በነፃ አለው! አየሽ አይደል? ዕድሜዬን ሙሉ የተኮስኩትን በነፃ ነው አለኝ!»

ልጅቷ ልታቅፋት ስትጠጋ እናትየው ገፋ አደረገቻት። «ቆይ፣ መጀመሪያ ይሄ።» ከመስፊያ ሣጥኗ መርፌ ቁልፎች አወጣችና ወረቀቱን ፕላስቲክ ውስጥ መልሳ የመስኮቱ መጋረጃ ላይ፣ መሃሉ ላይ ሰካችው።

«ወንበር ሳላገኝ?»

«ወንበሩ ገደል ይግባ።»

ጣቷን እያስከተለች ማንበብ ጀመረች። «ፖ … ለ … ቲ … ካል።» ቆመች። አፍንጫዋን በሽርጧ ጠርጋ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

*

ቅዳሜ ጠዋት ኮፒ ቤቱን ስትከፍት ወደ ማዶ ላለማየት ወስና ነበር። እትዬም ያን ቀን ሚኒስትር አላለቻትም፤ ሻይ አቀረበችላት። ሻዩን ስታነሳ ዓይኗ አመለጣት።

መስኮቱ መሃል ላይ ባዶው ፍሬም ተሰቅሏል። ቅጠሎቹ አሉ፤ ውስጡ ምንም የለም። ጥጉ ላይ ቢጫ ካርቶን ይኖራል ብላ ጠበቀች። የለም። ዋጋ የለውም። በዚያ ሰውዬ መስኮት ላይ ዋጋ የሌለው ነገር ተሰቅሎ አይታ አታውቅም።

ወዲያው አባትየው ሲገባ አየች። ጣቱ ወደ ፍሬሙ ተቀሰረ። አፉ ይጮኻል፤ በሁለት መስታወት ውስጥ ድምፁ አይሰማም። ልጁ ከጠረጴዛው ተነስቶ ፍሬሙና አባቱ መሃል ገባ። ራሱን ነቀነቀ፤ እምቢ። አባትየው እጁን ሲዘረጋ ልጁ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ አፉ ተከፈተ። ተናገረ። ለረጅም ጊዜ ተናገረ፤ ምን እንዳለ አንዲት ቃል አልሰማችም።

ሻዩ እጇ ላይ ፈሰሰ። ወደ መስታወቱ ተጠጋች፤ ግንባሯ እስኪነካው ድረስ።

«ትናንት የት ነበርክ?» አለች። ጮክ ብላ ነው፤ ደንበኞቹ ዞር ብለው አዩዋት። «ትናንት! ትናንት የት ነበርክ?»

ትንፋሿ መስታወቱን ሸፈነው፤ እሱም ከዓይኗ ጠፋ። ለመጥረግ እጇን አነሳች። ከዚያ እጇ አየር ላይ ቀረ፤ ልትጠርገው ፈልጋ፣ ተናዳ፣ ደግሞም ፈልጋ።